መጽሐፉን ዘግታችሁ ጻፉ፦ ተርም ፔፐር ከንባብ እስከ ማስረከብ

«አንብቤያለሁ፤ ግን መጻፍ አቃተኝ።» ተማሪዎችን በጽሑፍ ሥራ መርዳት ከጀመርኩ ወዲህ በብዛት የሰማሁት ነገር ይህ ነው። ከዚያ ላፕቶፑን ከፍተው ያሳዩኛል። ሃያ ምናምን ገጽ የተከፈተበት ብራውዘር አለ። አጠገቡ ደግሞ ከየጽሑፉ ኮፒ ፔስት የተደረገ አሥራ አምስት ገጽ የዎርድ ፋይል። የትኛው ከየት እንደመጣ ባለቤቱም አያውቀውም። «አሁን ይሄን በራሴ ቃል ልቀይረው ነበር» ይሉኛል።

ነገሩ የተበላሸው እዚያ ላይ ነው። የሰው ዓረፍተ ነገር ፊታችሁ ተደርድሮ የራሳችሁ አይመጣላችሁም። ቃል ትለዋውጣላችሁ እንጂ አትጽፉም። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከመጻፍ በፊት ባለው ሥራ ላይ፣ በተለይ በማስታወሻ አያያዝ ላይ ብዙ ይቆያል። ማስታወሻው ከተስተካከለ ረቂቁ ከሁለት ቀን በላይ አይፈጅም።

ከ8 እስከ 10 ገጽ ለሚሆን ሥራ አስቤ ነው የጻፍኩት። ለመመረቂያ ጽሑፍም ይሠራል፤ ጊዜው ብቻ ይረዝማል።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- መምህሩ የሰጠው የጥያቄ ወረቀት። ማርኩ በምን በምን እንደሚከፋፈል የሚያሳይ ሰንጠረዥ ካለ እሱም።
- ለማስታወሻ የሚሆን ደብተር ወይም ካርዶች። በእጅ መጻፍ ቀርፋፋ ነው፤ እዚህ ግን የሚፈለገው ቀርፋፋነቱ ነው። ቃል በቃል ለመገልበጥ ይሰለቻል።
- ሁለት የተለያየ ቀለም ያላቸው እስክሪብቶዎች።
- ምንጮችን የምትመዘግቡበት ቦታ። ዞቴሮ የሚባለው ሶፍትዌር በነጻ ይገኛል፤ ማጣቀሻውን ራሱ ያዘጋጃል። ካልወደዳችሁት አንድ ሰንጠረዥ ይበቃል።
- ሰዓት። የስልካችሁን ሰዓት ባትጠቀሙ ይመረጣል፤ ሰዓት ለማየት ተነስቶ ግማሽ ሰዓት ቪዲዮ ያላየ ሰው ካለ ይንገረኝ።
- 10 ቀን።

አሥሩን ቀን እንዲህ ከፋፍሏቸው። የመጀመሪያው ቀን ለጥያቄው፣ ከ2ኛው እስከ 5ኛው ለንባብና ለማስታወሻ፣ 6ኛው ለንድፍ፣ 7ኛውና 8ኛው ለረቂቅ፣ 9ኛው ለእርማት፣ 10ኛው ለማጣቀሻና ለማስረከብ። የቀራችሁ 4 ቀን ብቻ ከሆነ የምንጮቹን ቁጥር ቀንሱ። የእርማቱን ቀን ግን አትንኩ። ብዙ ሰው የሚቆርጠው እሱን ነው፤ ማርክ የሚጠፋውም እዚያው ላይ ነው።

1. ጥያቄውን በትኑት

የጥያቄውን ወረቀት አንብቡና ትእዛዝ የሚሰጠውን ግስ አክብቡ። «አብራሩ» ሲል እንዴትና ለምን እንደሆነ ነው የሚፈልገው። «አወዳድሩ» ሲል ሁለቱን ነገሮች በአንድ መለኪያ አስቀምጡ ማለት ነው። «ገምግሙ» ካለ ደግሞ ፍርድ ይጠበቅባችኋል፤ ምን ያህል ይሠራል፣ የቱ ጋ ይወድቃል የሚለውን።

ይህን መዝለል ዋጋ ያስከፍላል። «አወዳድሩ» ተብሎ አራት ገጽ ስለ አንዱ፣ አራት ገጽ ስለ ሌላው የሚጽፍ ተማሪ በሽ ነው። የጻፈው ሁሉ ትክክል ሊሆን ይችላል። ግን አላወዳደረም።

ግልጽ ያልሆነ ነገር ካለ መምህሩን ጠይቁ፤ የምትጠይቁት ግን በዚህ ሳምንት ነው። ማስረከቢያው ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው የሚጠየቅ ጥያቄ ምንም አልተጀመረም ብሎ ይናገራል።

2. ርዕሱን ወደ ጥያቄ አጥብቡት

«የአጠናን ዘዴና የተማሪዎች ውጤት» ርዕስ ነው፤ ስለ እሱ ስታነቡ ብትኖሩ አያልቅም። «ፈተናው ከሳምንት በኋላ ከሆነ ደጋግሞ ማንበብ ይሻላል ወይስ ራስን መፈተን? ተማሪዎችስ ለምን የመጀመሪያውን ይመርጣሉ?» ይህ ግን ጥያቄ ነው። የትኛውን ጽሑፍ ማንበብ፣ የትኛውን መተው እንዳለባችሁ ይነግራችኋል። ማጥበብ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

አንድ ቀላል መፈተሻ አለኝ። ጥያቄያችሁን ለጓደኛችሁ አንብቡለት። ሳያስብ ወዲያው ከመለሰላችሁ ጥያቄው ገና አልተሳለም። «ኧረ እሱስ እንዴት ነው?» ካለ ይዛችሁታል።

3. ምንጮችን ምረጡ

መምህሩ ቁጥር ካልሰጠ ለዚህ መጠን 6 ወይም 8 ጥሩ ምንጭ ይበቃል። አንድን ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች ከማንበባችሁ በፊት 10 ደቂቃ ስጡት። አጽሕሮቱን (መጀመሪያው ላይ ያለውን አጭር ማጠቃለያ፣ አብስትራክት)፣ ቀጥሎ መደምደሚያውን፣ ከዚያ ንዑስ ርዕሶቹን እዩ። ለጥያቄያችሁ የሚሆን ነገር ከሌለው አስቀምጡት። ያልጠቀመ ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ማንበብ ጉብዝና አይደለም።

ጉግል ስኮላር በሚባለው የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያ ላይ አንድ ጥሩ ጽሑፍ ካገኛችሁ ከሥሩ ስንት ሥራዎች እንደጠቀሱት የሚያሳይ ሊንክ አለ። እሱን ስትነኩ ከዚያ በኋላ የተጻፉ ተዛማጅ ጥናቶች ይዘረዘራሉ። የጽሑፉ የራሱ የማጣቀሻ ዝርዝር ደግሞ ከእሱ በፊት ወደተጻፉት ይወስዳችኋል። ከአንድ ጥሩ ምንጭ ተነስቶ የቀሩትን መልቀም ይቻላል።

ለመጠቀም የወሰናችሁትን ጽሑፍ ያኔውኑ መዝግቡ። ጸሐፊ፣ ዓመት፣ ርዕስ፣ መጽሔት ወይም አሳታሚ፣ ገጽ። «በኋላ አገኘዋለሁ» ያላችሁትን ምንጭ የማስረከቢያው ሌሊት ላይ ነው የምትፈልጉት።

ማስጠንቀቂያ፦ ቻትጂፒቲና መሰሎቹ የሌለ ጽሑፍ ርዕስ፣ ጸሐፊና ዓመት አሳምረው ሊጽፉላችሁ ይችላሉ። እውነት ይመስላል፤ መጽሔቱም እውነተኛ ሊሆን ይችላል፣ ጽሑፉ ግን የለም። ስለዚህ ራሳችሁ ከፍታችሁ ያላያችሁትን ምንጭ አትጥቀሱ። ሥራውን በእነሱ መታገዝ ይፈቀድ እንደሆነም አስቀድማችሁ መምህሩን ጠይቁ፤ ደንቡ ከትምህርት ክፍል ትምህርት ክፍል ይለያያል።

4. አንብቡ፣ ዝጉ፣ ጻፉ፣ ክፈቱ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይሄን ውሰዱ።

ሀ. አንድ ንዑስ ርዕስ ያህል አንብቡ፤ አንድ ወይም ሁለት ገጽ። እስክሪብቶ አታንሱ፣ አታስምሩ።

ለ. ዝጉት። እውነት ዝጉት፤ መጽሐፍ ከሆነ ግጠሙት፣ ፋይል ከሆነ ከስክሪኑ አውርዱት።

ሐ. ምን እንዳለ ከ3 እስከ 4 መስመር ጻፉ፤ ላላነበበ ጓደኛ እንደምታስረዱ አድርጋችሁ። መጻፍ ካቃታችሁ አልገባችሁም ማለት ነው። ይሄንን አሁን ማወቅ በ8ኛው ቀን ከማወቅ ይሻላል። ተመልሳችሁ አንብቡና እንደገና ሞክሩ።

መ. ክፈቱና አመሳክሩ። ስም፣ ቁጥር፣ ዓመት አስተካክሉ። ከሁሉ በላይ አቅጣጫውን እዩ። «ይጨምራል» ያለውን «ይቀንሳል» ብሎ መያዝ፣ «ሊሆን ይችላል» ያለውን «ነው» ማለት ሁልጊዜ የሚያጋጥም ስሕተት ነው።

ሠ. ምንጩንና ገጹን ዳር ላይ ጻፉ።

ረ. በሁለተኛው ቀለም ደግሞ የራሳችሁን ሐሳብ ጻፉ። ጥርጣሬ፣ ጥያቄ፣ «ይሄ ከዚያኛው ጋር ይጋጫል» የሚል ነገር። በኋላ ወረቀቱን የእናንተ የሚያደርገው ይህ ቀለም ነው።

በምሳሌ ላሳያችሁ። ይህ ምንጭ ነው እንበል። አንቀጹን ለማሳያ ያሳጠርኩት እኔ ነኝ፤ ጥናቱ ግን እውነተኛ ነው።

«ሮዲገር እና ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎች አጭር ጽሑፍ እንዲያነቡ ተደረገ። ከዚያ አንዱ ቡድን ጽሑፉን ደጋግሞ ሲያነብ ሌላው ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ በተሰጠው ፈተና ደጋግሞ ያነበበው ቡድን በለጠ። ከሳምንት በኋላ ግን የተሻለ ያስታወሰው ሳያይ የጻፈው ቡድን ነበር።»

ጽሑፉ ፊቱ ተከፍቶ የሚጽፍ ተማሪ ይሄን ያመጣል፦

«ሮዲገር እና ካርፒኪ በ2006 ባወጡት ምርምር ተማሪዎች አጠር ያለ ጽሑፍ እንዲያነቡ ሆነ። ቀጥሎም አንደኛው ቡድን ጽሑፉን በድጋሚ ሲያነብ ሌላኛው ሳይመለከት ያስታወሰውን ጻፈ።»

«ባሳተሙት» «ባወጡት» ሆነ። «ጥናት» «ምርምር» ሆነ። «ሳያይ» «ሳይመለከት» ሆነ። አጥንቱ ግን አልተነካም፤ የዓረፍተ ነገሮቹ ቅርጽና ቅደም ተከተል እንዳለ ነው። ምንጩ ቢጠቀስ እንኳ ይህ እንደ ሐሳብ ስርቆት ሊቆጠር ይችላል።

ዘግቶ የጻፈው ተማሪ ደብተር ላይ ደግሞ እንዲህ ይነበባል፦

«ደጋግሞ ማንበብ ለቅርብ ፈተና ያዋጣል፣ 5 ደቂቃ ላለው። ሳምንት ሲቆይ ይገለበጣል፤ ከራሳቸው አውጥተው የጻፉት ይበልጣሉ (ሮዲገር እና ካርፒኪ 2006)።»

በሁለተኛው ቀለም፦ «ተማሪ ደጋግሞ ማንበብ የሚወደው ለዚህ ይሆን? ወዲያው የሠራ ስለሚመስል?»

ልዩነቱን አያችሁ? ሁለተኛው ተማሪ ከምንጩ ውስጥ ለጥያቄው የሚሆነውን አወጣ። በዚያ ላይ የራሱ ጥያቄ መጣለት። ጥናቱ ራሱም እንደሚለው ከራስ አውጥቶ የጻፉት ነገር አእምሮ ውስጥ ይቆያል፤ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ነው።

በእንግሊዝኛ የምትጽፉ ከሆነ አንድ ብልሃት ልጨምርላችሁ። ማስታወሻውን በአማርኛ፣ ወይም አፋችሁን በፈታችሁበት ቋንቋ ያዙ። እንግሊዝኛውን አንብባችሁ በአማርኛ ስትጽፉ መገልበጥ ብትፈልጉም አትችሉም። ያልገባችሁም ነገር ወዲያው ይጋለጣል። ሙያዊ ቃሎቹን ብቻ እንዳሉ ጻፏቸው።

አንዳንድ ጊዜ የጸሐፊው ቃል በቃል ያስፈልጋችኋል፤ ለምሳሌ ትርጓሜ ሲሆን። ያኔ ገልብጡ፣ ግን ማስታወሻው ላይ ትልቅ ትእምርተ ጥቅስ አድርጉበት፤ ገጹንም ጻፉ። ትእምርተ ጥቅሱን ከረሳችሁ በሳምንቱ የራሳችሁ ዓረፍተ ነገር ይመስላችኋል። ሳያስቡት ከሚፈጸሙ ስርቆቶች ብዙዎቹ የሚመጡት በዚህ በኩል ነው።

5. ማስታወሻውን ሰንጠረዥ ላይ አውጡት

አንድ ሰፊ ወረቀት ውሰዱ። በግራ በኩል ከላይ ወደ ታች ምንጮቹን ደርድሩ። ከላይ ወደ ጎን ደግሞ ጥያቄዎቻችሁን ጻፉ፦ ለቅርብ ፈተና የቱ ይሻላል? ለሩቅስ? ተማሪዎች ምን ይመርጣሉ? ለምን? እያንዳንዱን ሳጥን በጥቂት ቃላት ሙሉ። ምንጩ ስለዚያ ጥያቄ ካላወራ ባዶ ተዉት።

ከዚያ ወደ ታች አንብቡ። በአንድ ጥያቄ ሥር ማን ከማን ጋር እንደሚስማማ፣ ማን እንደሚለይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እያንዳንዱ ዓምድ የወረቀታችሁ አንድ ክፍል ይሆናል። ይህን ካልሠራችሁ የምትጽፉት በምንጭ ተራ ነው፤ «እገሌ እንዲህ ይላል፣ እገሌ ደግሞ እንዲህ ይላል» እየተባለ የሚሄድ ዝርዝር ይወጣችኋል። እሱ የንባብ ሪፖርት ነው።

6. መልሳችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

ሰንጠረዡን እያያችሁ ለጥያቄያችሁ መልስ ስጡ። ለምሳሌ፦ «ለሩቅ ፈተና ራስን መፈተን ይሻላል፤ ተማሪዎች ግን ደጋግሞ ማንበብን የሚመርጡት ወዲያው የሚሰጠው የማወቅ ስሜት ስለሚያታልላቸው ነው።» አንድ ሰው ተነስቶ «አልስማማም» ሊለው የሚችል መሆን አለበት። «ሁለቱም ዘዴዎች ጥቅምና ጉዳት አላቸው» የሚለውን ማንም አይቃወመውም፤ ስለዚህ ምንም አላላችሁም።

ከሥሩ ከ5 እስከ 8 ዓረፍተ ነገሮች ደርድሩ። እያንዳንዱ የአንድ ክፍል ወይም አንቀጽ ሐሳብ ነው። «የራስ መፈተን ጥቅም» ብላችሁ በሐረግ አትተዉት፤ ሐረግ ምን ልትሉ እንደሆነ ሳታውቁ ማለፍ ያስችላል። ዓረፍተ ነገር አያስችልም።

7. ረቂቁን ከመሃል ጀምሩ

መግቢያውን ተዉት። ገና ያልተጻፈን ነገር ማስተዋወቅ ስለሆነ ነው ባዶ ስክሪን ላይ ሦስት ሰዓት የሚያስቀምጠው። በደንብ ከገባችሁ ክፍል ጀምሩ፤ መግቢያው መጨረሻ ላይ በግማሽ ሰዓት ያልቃል።

ስትጽፉ የሚከፈተው ንድፉና ማስታወሻው ብቻ ነው። ምንጮቹ ይዘጉ። 25 ደቂቃ ጻፉ፣ 5 ደቂቃ ተነሱ። ቃል ቢጠፋባችሁ ሦስት ኮከብ አድርጋችሁ እለፉት። ዓመት ለማጣራት ብላችሁ ብራውዘር አትክፈቱ፤ እዚያው ነው የምትቀሩት።

አንቀጹን በሰው ስም አትጀምሩት። በራሳችሁ ሐሳብ ጀምሩ፣ ማስረጃ አምጡ፣ ከዚያ ማስረጃው ምን ማለት እንደሆነ ንገሩን። እንዲህ፦

«ደጋግሞ ማንበብ ተማሪውን የሚያታልለው ያወቀ እንዲመስለው በማድረግ ነው። ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ጽሑፉን እንደሚያስታውሱት የበለጠ እርግጠኞች ነበሩ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ሳያዩ ከጻፉት ያነሰ አስታወሱ (ሮዲገር እና ካርፒኪ 2006)። ስለዚህ የአጠናን ዘዴን በሚሰጠው ስሜት መምረጥ ወደ ተሳሳተው ዘዴ ሊወስድ ይችላል።»

የመጀመሪያው የተማሪው የራሱ ሐሳብ ነው፣ ሁለተኛው ማስረጃ፣ ሦስተኛው ትርጉም። ተማሪዎች በብዛት የሚዘሉት ሦስተኛውን ነው። ማስረጃውን ጥለው ወደ ሌላ አንቀጽ ይሻገራሉ፤ አንባቢው «እና ምን ይሁን?» እንዳለ ይቀራል።

8. እየጻፋችሁ ጥቀሱ

ሐሳቡ፣ ቁጥሩ ወይም ግኝቱ ከሰው ከመጣ በራሳችሁ ቃል ብትጽፉትም ምንጩን ጥቀሱ። ሁሉም የሚያውቀውን፣ ለምሳሌ ውኃ ከሃይድሮጅንና ከኦክስጅን የተሠራ መሆኑን፣ መጥቀስ አያስፈልግም። ከተጠራጠራችሁ ጥቀሱ።

የትኛውን ስልት እንደምትከተሉ የሚወስነው ትምህርት ክፍላችሁ ነው። በብዛት የሚጠየቀው ኤ.ፒ.ኤ (የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር ያወጣው የአጠቃቀስ ስልት) ነው። በእሱ ጽሑፉ ውስጥ የጸሐፊው ስምና ዓመቱ ይገባል፤ ቃል በቃል ከጠቀሳችሁ ገጹም ይጨመራል። 40 ቃልና ከዚያ በላይ የሆነ ጥቅስ ያለ ትእምርተ ጥቅስ ገባ ተደርጎ ለብቻው ይቀመጣል። ያን ያህል የሚረዝም ጥቅስ ግን በ10 ገጽ ወረቀት ውስጥ ከአንድ ካለፈ ቦታ መሙያ ይመስላል።

9. ከትልቁ ወደ ትንሹ አርሙ

ቢቻል አንድ ሌሊት አሳድሩት። በማግስቱ የእያንዳንዱን አንቀጽ ሐሳብ ዳር ላይ በአንድ መስመር ጻፉ። ከዚያ መስመሮቹን ብቻ በቅደም ተከተል አንብቡ። አንዱ ሁለት ጊዜ ከመጣ አዋህዱ። በአንድ መስመር መጻፍ ያቃታችሁ አንቀጽ ውስጥ ሁለት ሐሳብ አለ፤ ክፈሉት። ለጥያቄያችሁ የማይመልስ ካለ ሰርዙት። የሚያምር አንቀጽ ስለሆነ ልባችሁ እሺ አይልም፤ ሌላ ፋይል ላይ አስቀምጡትና ሰርዙት።

ይህ ካለቀ በኋላ ብቻ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። ትንፋሽ ያጠረበት ቦታ ዓረፍተ ነገሩ ረዝሟል። የፊደል ግድፈት የመጨረሻው ነው። ቅደም ተከተሉ የተቀመጠው በከንቱ አይደለም፤ ነገ የምትሰርዙትን አንቀጽ ዛሬ ፊደል በፊደል ማረም ጊዜ ማባከን ነው።

10. አስረክቡ

ጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሰ ሁሉ በማጣቀሻ ዝርዝሩ ላይ መኖሩን፣ በዝርዝሩ ላይ ያለው ሁሉ ጽሑፉ ውስጥ መጠቀሱን አንድ በአንድ ምልክት እያደረጋችሁ እዩ። በሦስት ኮከብ ያለፋችኋቸውን ቦታዎች በፍለጋ አግኝታችሁ ሙሏቸው። ፋይሉን ከላካችሁ በኋላ መልሳችሁ ክፈቱት። «የመጨረሻ የመጨረሻ 2» የሚል ስም ሰጥቶ የድሮውን ረቂቅ ያስረከበ ሰው አውቃለሁ፤ እኔው ነኝ።

ተርኒቲን (ያስረከባችሁትን ከሌሎች ጽሑፎች ጋር የሚያመሳክረው ሶፍትዌር) የሚሰጠው ፐርሰንት የሚያሳየው ተመሳሳይነትን ነው። በትእምርተ ጥቅስ የጠቀሳችሁትንና የማጣቀሻ ዝርዝሩንም ሊቆጥር ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩን አይታችሁ አትደንግጡ፣ አትዘናጉም። ቀለም የተቀባውን ቦታ አንድ በአንድ ተመልከቱ።

በብዛት የማያቸው ስሕተቶች

- ገጽ ሙሉ በሃይላይተር መቀባት። ማስመር የመረጣችሁ ያስመስላል፤ ሁሉም ከተሰመረ ግን ምንም አልተመረጠም።
- አንድ ጸሐፊ የጠቀሰውን ሌላ ጸሐፊ ራሳችሁ እንዳነበባችሁት አድርጎ መጥቀስ። ዋናውን ፈልጋችሁ አንብቡ። ካላገኛችሁት በማን በኩል እንዳገኛችሁት ጻፉ።
- መደምደሚያ ላይ አዲስ ማስረጃ ማምጣት። ጠቃሚ ከሆነ ቦታው መሃል ነው።
- ቃል ማክበድ። «ተጠቀሙ» የሚበቃበት ቦታ «ጥቅም ላይ የማዋል ተግባር አከናወኑ» ማለት ምሁር አያስመስልም።

ማስታወሻውን ለፈተናም

4ኛውን እርምጃ የሠራችሁበትን ደብተር አትጣሉት። በእያንዳንዱ ማስታወሻ አናት ላይ መልሱ እሱ የሚሆን ጥያቄ ጻፉ። ማስታወሻውን በእጃችሁ ሸፍናችሁ ጥያቄውን መልሱ፣ ከዚያ ግለጡት። በነጋታው አንድ ጊዜ፣ ከ3 ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ ድገሙት። የመለሳችሁትን ወደ ኋላ አድርጉት፤ ያቃታችሁ ከላይ ይቀመጥና ነገ በእሱ ጀምሩ።